የተስተካከለ ሞኒተር በግራጫው ይታወቃል

ሞኒተር ካሊብሬት አደረግሁ የሚል ባለሙያ ቶሎ ብሎ የሚያሳየው ሪፖርቱን ነው፦ ዴልታ ኢ የሚባለው የቀለም ስህተት ከ1 በታች፣ ከጎኑ አረንጓዴ ምልክት። ቁጥሩ ውሸት አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚለካው ግን ስክሪኑ አሁን ከተሠራለት ፕሮፋይል ጋር መስማማቱን ነው። ፕሮፋይል ደግሞ የስክሪኑን ጠባይ የሚመዘግብ ፋይል ስለሆነ፣ የተበላሸውንም አሳምሮ ሊመዘግብ ይችላል።

ስለዚህ እኔ ከሪፖርቱ በፊት ግራጫውን አያለሁ። ሞኒተሩ ግማሽ ሰዓት ያህል በርቶ ከቆየ በኋላ፣ ከጥቁር ወደ ነጭ ቀስ እያለ የሚሄድ ግራጫ በሙሉ ስክሪን ይክፈቱ። ሥራው ጥሩ ከሆነ የትም ቦታ ወደ ሮዝ ወይም ወደ አረንጓዴ አያደላም፤ መስመር መስመርም አይሠራም።

መስመር ካዩ ፕሮፋይሉን ይመርምሩ። ዲስፕሌይካልን የመሰለ ነፃ ፕሮግራም በውስጡ ያሉትን የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ ማረሚያ ኩርባዎች ያሳያል። ሦስቱ ተቀራርበው ከታች ግራ ጥግ ወደ ላይኛው ቀኝ ጥግ ከወጡ ሥራው ንጹሕ ነው። ሰማያዊው አናቱ ላይ ከ255 ወደ 200 ወርዶ ካገኙት ግን ባለሙያው የሞኒተሩን ቁልፎች አልነካም። ነጩን በሞኒተሩ ሜኑ ወደ 6500 ኬልቪን ማቅረብ ሲገባው ሸክሙን ሁሉ ግራፊክስ ካርዱ ላይ ጣለው፤ በተራ 8 ቢት ስክሪን ላይ ከሰማያዊው እርከኖች ከአምስት አንድ የሚበልጠው እዚያው ይጠፋል።

ቀጥሎ የሠርግ ፎቶ ይክፈቱ፤ ከዚህ የተሻለ ፈተና አላውቅም። የሙሽራው ጥቁር ካባ እጥፋቱ ይለያል ወይስ አንድ ጥቁር ሆኗል? የነጠላው ሽመናስ ይታያል ወይስ ነጭ ወረቀት መስሏል? ሁለቱንም አንድ ላይ የሚያሳይ ስክሪን በደንብ ተሠርቷል።

ብርሃኑም ይለካ። ለኅትመት ሥራ በካሬ ሜትር ከ80 እስከ 120 ካንዴላ ይበቃል፤ ከፋብሪካ እንደወጣ የተተወ ሞኒተር የዚህን እጥፍ ሊያበራ ይችላል። እንዲህ ባለ ሞኒተር ላይ የታረመ አልበም ሲታተም ይጨልማል፣ ወቀሳው ግን ማተሚያ ቤቱ ላይ ይወርዳል። ይህ ፍርደ ገምድልነት ነው።

በፕሮፋይሉ ላይ የተጻፈውን ቀንና የሞኒተር ስምም አይለፉት። ከኢንተርኔት የወረደ ፕሮፋይል፣ ሞዴሉ አንድ ቢሆን እንኳ፣ የሌላ ሞኒተር ልኬት ነው።

በእኔ ሚዛን ግራጫው ለስላሳ ሆኖ ዴልታ ኢው 2 የሆነ ሥራ፣ ግራጫው ተሰነጣጥቆ 0.5 ካለው ይበልጣል። ባለሙያ ሲቀጥሩም አስቀድመው፣ «ከሶፍትዌሩ በፊት የሞኒተሩን ቁልፎች ያስተካክሉልኝ» ይበሉ።