ለነገ ሦስት ሥራ

በልብስ ስፌት የተሰፋ ይተረተራል፤ የጠበበ ይሰፋል፤ ያለልኩ የተቀደደ ጨርቅ ግን አይመለስም። ጥድፊያ ለሙያችን ጠላት የሆነው ለዚህ ነው። የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ሥር በምሠራባት ሱቅ፣ ከመቀስና ከሜትር እኩል የምጠብቃት ዕቃ አንዲት ደብተር ናት።

ማታ ከመዝጋቴ በፊት ለነገ ሦስት ሥራ እጽፋለሁ። “ቀሚስ” ብዬ አላልፍም፤ “የቀሚሱን ገበር መቅደድ” እላለሁ። ከየት እንደሚጀመር ያልታወቀ ሥራ ጠዋት ሲያዩት ያሰንፋል። ማሲካምፖና ባውማይስተር የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት ጥናት፣ ያላለቀ ጉዳይ ሐሳብን እየበጠበጠ ሌላውን ሥራ እንደሚያውክ፣ ቁርጥ ያለ ዕቅድ ሲወጣለት ግን ገና ሳይፈጸም ሐሳብ እንደሚያርፍ አሳይተዋል። እኔም ሥራውን በደብተሩ ካሰፈርኩ በኋላ እራት ላይ ስለ ገበር አላስብም።

ቅደም ተከተሉን ሥራው ራሱ ይወስናል። ቅድ የጠዋት ነው፤ ዓይን አልደከመም፣ ብርሃኑም ጥሩ ነው። ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን የቀናችን ርዝመት በዓመት ውስጥ ከአንድ ሰዓት ብዙም የዘለለ ልዩነት የለውም፤ ከሁለት እስከ አራት ሰዓት ለቅድ ብቻ ብሎ ክረምት ከበጋ መጽናት ይቻላል። ልክ የምወስደው ከሰዓት በኋላ ነው። ከሦስቱ አንዱ ደግሞ ሁልጊዜ መብራት የማይፈልግ ሥራ ይሆናል፤ ቁልፍ መትከል ወይም ጫፍ መዘምዘም። ኦቨርሎኩና ካውያው ሲቆሙ እጄ አይቆምም።

ክርና ዚፕ ለመግዛት ከአባዶ በመገናኛ አድርጎ መርካቶ ደርሶ መመለስ ግማሽ ቀን ይበላል። ስለዚህ የጎደለውን በደብተሩ ጀርባ አጠራቅሜ፣ በሳምንት አንድ ቀን ለይቼ እወርዳለሁ። የዚያን ቀን ሌላ ከባድ ሥራ አልጽፍም።

ከሁሉ የሚከብደው ቀጠሮ ነው። የተማሪ ዩኒፎርምና የእንቁጣጣሽ ልብስ ሲደራረብ “እሺ፣ ለነገ” ማለት ይቀላል። ደብተሩን ሳልገልጥ መልስ አልሰጥም። ሦስቱ መስመር ከሞላ፣ “እማማ፣ የሚደርስልዎት ሐሙስ ነው” እላለሁ። ቀጠሮው የራቀበት ደንበኛ ለጊዜው ቅር ይለዋል፤ በበዓል ዋዜማ ባዶ እጁን የተመለሰ ግን ዳግመኛ አያምንም። ሦስቱ ቀድመው ካለቁም የተረፈው ሰዓት ዚፑ ለተበላሸበት መንገደኛ ነው፤ ቀኑን ከጥግ እስከ ጥግ አልሞላውም።

ሙያችሁ ምንም ይሁን ምን፣ ዛሬ ማታ ለነገ ሦስት ሥራ ጻፉ። ከተበላሸ የማይመለሰውን አስቀድሙ፤ ደብተራችሁ ከሚይዘው በላይም ለማንም ቃል አትግቡ።