የሠንጠረዥ ሴልና የውጭ የጽሑፍ ፋይል፦ በዋሄን ገበያ ስሞች ምሳሌነት የቀረበ ሒሳዊ ምልከታ

የቋንቋ መረጃ የሚሰበስብ ተመራማሪ ብዙውን ጊዜ ሁለት መዝገብ ይይዛል። አንደኛው ከመስክ የመጣው ቃል፣ ዓረፍተ ነገር ወይም የስም ዝርዝር የተቀመጠበት ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው። ሁለተኛው ይኸው መረጃ በረድፍና በዓምድ ተደርድሮ የሚቆጠርበት፣ የሚነጻጸርበትና ለኅትመት የሚዘጋጅበት የኤክሴል ወይም የሊብሬኦፊስ ሠንጠረዥ ነው። ሁለቱ የሚያያዙበት መንገድ በጥናቶች የአሠራር ክፍል ውስጥ ቢጠቀስ እንኳ በአንድ ሐረግ የሚታለፍ ነው። ይሁን እንጂ አንድ ቃል ከፋይል ወደ ሴል ሲሻገር መልኩ ሊለወጥ፣ ከማይመለከተው ረድፍ ጋር ሊጣመር፣ ምንጩ ከጠፋ በኋላም በሠንጠረዡ ላይ በሕይወት ያለ ሊመስል ይችላል። ስለዚህ ማያያዣውን የጽሕፈት መሣሪያ ጉዳይ ብቻ አድርጎ ማየት ስሕተት ነው፤ ጽሑፍን ከጽሑፍ የማመሳከር ሥራ አካል ነውና ሊመዘን የሚገባውም በዚያው ሚዛን ነው።

በሐርጌሳ መካከል የሚገኘው የዋሄን ገበያ ለዚህ ምዘና ተስማሚ ምሳሌ ነው። ገበያው እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 1 ቀን 2022 (መጋቢት 23 ቀን 2014 ዓ.ም.) ማታ፣ በረመዳን ዋዜማ፣ በእሳት ወደመ። የከተማው ባለሥልጣናት የተቃጠሉትን ሱቆች ወደ 2000 የሚጠጉ አድርገው ገምተዋቸዋል። ከዕቃው ጋር የሱቆቹ ስሞች፣ የዋጋ ጽሑፎችና የዱቤ ደብተሮችም አብረው ጠፉ። ከቃጠሎው በፊት የገበያውን ማስታወቂያ ሰሌዳዎች በሶማሊኛ፣ በዐረብኛና በእንግሊዝኛ እንደ ተጻፉ የመዘገበ፣ ለንጽጽርም የአማርኛ አጻጻፋቸውን የጨመረ አንድ ተመራማሪ አለ እንበል። የዚህ ሰው የጽሑፍ ፋይል ከእንግዲህ በሌላ የመስክ ጉዞ የሚተካ አይደለም፤ በሴልና በፋይል መካከል የሚፈጠር ስሕተትም ተመልሶ ሰሌዳውን በማየት አይታረምም። የምሳሌው ክብደት ከዚህ ይመነጫል።

በልማድ «ማያያዝ» የሚለው ቃል ሦስት የተለያዩ ድርጊቶችን አንድ ላይ ይጠራል። የመጀመሪያው የጽሑፍ ፋይሉን በቀጥታ በኤክሴል ከፍቶ ማስቀመጥ ነው፤ ይህ ቅጂ እንጂ ማያያዝ አይደለም፣ ፋይሉ ነገ ቢታረም ሠንጠረዡ አያውቅም። ሁለተኛው ከ2016ቱ እትም ጀምሮ በኤክሴል ውስጥ በተካተተው ፓወር ኩዌሪ አማካይነት የፋይሉን አድራሻና የአነባበብ ደንቡን መዝግቦ፣ «አድስ» ሲባል እንደ ገና እንዲያነብ ማድረግ ነው፤ የሊብሬኦፊስ ካልክም ተመሳሳይ የውጭ መረጃ ማያያዣ አለው። ሦስተኛው በሠንጠረዡ ውስጥ አንድ ሴል በመፈለጊያ ቀመር አማካይነት ከተጫነው ዝርዝር ውስጥ ተዛማጁን ረድፍ እንዲያወጣ ማድረግ ነው። ሦስቱ የየራሳቸው ጉድለት አላቸው፤ ሳይለዩ ሲቀሩ ግን የአንዱ ጉድለት በሌላው ይሳበባል።

የመጀመሪያው ጉድለት ቃሉ ድንበሩን ሲያቋርጥ የሚደርስበት ለውጥ ነው። የጽሑፍ ፋይል ስለ ይዘቱ ዓይነት ምንም አይናገርም፤ ዓይነቱን የሚገምተው ተቀባዩ ፕሮግራም ነው፣ ግምቱም ለሒሳብ ሠራተኛ እንጂ ለቋንቋ ተመራማሪ የተቀመረ አይደለም። ቅጥያን በሰረዝ፣ ተለጣፊ ቃልን በእኩል ይሆናል ምልክት መጻፍ የላይፕዚግ የትንተና ደንቦች ያጸኑት ልማድ ነው። የሶማሊኛው የተባዕታይ ጾታ አመልካች መስተአምር «-ከ» በፋይሉ ውስጥ ትክክለኛ ግቤት ነው፤ ፋይሉ በቀጥታ በኤክሴል ሲከፈት ግን ሰረዙ የመቀነስ ምልክት ሆኖ ይነበብና በቃሉ ፈንታ የስሕተት መልእክት ይታያል። በሶማሊኛ «ጊዜ፣ አንዴ» የሚል ትርጉም ያለው «መር» በላቲን በሦስት ፊደላት (ኤም፣ ኤ፣ አር) ይጻፋል። መዝገበ ቃላት አዘጋጅ ተመሳሳይ ቅርጽ ያላቸውን ቃላት ለመለየት ከጎኑ 1 እና 2 ቢጽፍ፣ የእንግሊዝኛው ኤክሴል «ማርች 1» እና «ማርች 2» ብሎ ወደ ቀን ይለውጣቸዋል። አንደኛና ሦስተኛ መደብን የሚያመለክት «1-3» የተሰኘ የትንተና ምልክትም ዕጣው ተመሳሳይ ነው።

ችግሩ የቋንቋ ጥናት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት፣ የዘረመል ስሞችን በኤክሴል ዝርዝር አያይዘው ካቀረቡ ጽሑፎች ውስጥ አንድ አምስተኛ ያህሉ እንዲህ የተበላሹ ስሞች እንዳሉባቸው አሳይቷል። የስያሜ ኮሚቴው በ2020 ባወጣው መመሪያ ወደ ቀን የሚለወጡትን ስሞች ራሳቸውን ቀየረ፤ ማይክሮሶፍት ደግሞ ይህን ራስ ገዝ ለውጥ ማጥፋት የሚያስችል ምርጫ የጨመረው በ2023 ነው። የዘረመል ተመራማሪዎች ስም መቀየር ይችላሉ። የሶማሊኛ ተመራማሪ ግን «መር» የሚለውን ቃል ከቋንቋው ማውጣት አይችልም።

ፓወር ኩዌሪ የሰረዙንና የእኩል ይሆናል ምልክቱን ችግር ያቃልላል፤ የዓምዱን ዓይነት መገመቱን ግን አይተውም። በነባሪ አሠራሩ ግምቱ የሚመሠረተው በመጀመሪያዎቹ 200 ረድፎች ላይ ነው። የዋሄን ዝርዝር በሱቅ ቁጥር ተደርድሮ፣ ፊደል የተቀላቀለበት የመጀመሪያው ቁጥር በ201ኛው ረድፍ ቢመጣ፣ ዓምዱ ቀድሞ «ቁጥር» ተብሏልና ያ ሴል በስሕተት ምልክት ይሞላል። በዜሮ የሚጀምር መለያም ዜሮውን ያጣል። ሁሉንም ዓምዶች በመጀመሪያው እርምጃ «ጽሑፍ» ብሎ መወሰን ይህን ያስቀራል፤ ውሳኔው የተመራማሪው እንጂ የፕሮግራሙ መሆን የለበትም።

የፊደል ኮድ አሰጣጡም ከዚሁ ይመደባል። የግእዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ከተካተተ ወዲህ እያንዳንዱ ፊደል በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ይይዛል። ፋይሉ ኮዱን የሚያስታውቅ ምልክት በመጀመሪያው ላይ ከሌለውና በቆየው የዊንዶውስ አሠራር በቀጥታ ከተከፈተ፣ አንዱ ፊደል ሦስት ባዕድ ምልክቶች ሆኖ ይወጣል። ከ1972 ጀምሮ በላቲን የሚጻፈው ሶማሊኛ ከተለመዱት 26 ፊደላትና ከጭረት በቀር ሌላ ስለማይጠቀም በዚሁ ፋይል ውስጥ ምንም አይሆንም። በሶማሊኛው ዓምድ ብቻ ፍተሻ ያደረገ ሰው ፋይሉ ጤነኛ ነው ብሎ ያልፋል። በ2003 ወደ ዩኒኮድ የገባው የዑስማንያ ፊደል ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለው፤ የኤክሴል የርዝመት ቀመር በነባር አሠራሩ አንዱን ፊደል ሁለት አድርጎ ይቆጥረዋል። በቃላት ርዝመት ላይ የተመሠረተ ንጽጽር በዚህ ሳይታወቅ ይዛባል።

ሁለተኛውና ለቋንቋ ተመራማሪ ይበልጥ የሚቀርበው ጉድለት በማዛመጃ ቁልፉ ላይ ነው። የመፈለጊያ ቀመር ሁለት መዛግብትን የሚያገናኘው በአንድ ዓምድ እኩልነት ነው፤ ያ ዓምድ ስም ከሆነ ማያያዣው ሙሉ በሙሉ በአጻጻፍ ላይ ቆመ ማለት ነው። የገበያው ስም በሶማሊኛ ሥርዓተ ጽሕፈት ሁለቱ ረጃጅም አናባቢዎች ተደግመው ይጻፋል፤ በእንግሊዝኛ ጽሑፍ የመጀመሪያው ድግግሞሽ ይቀራል። በአማርኛ «ዋሄን»፣ «ዋሔን» ወይም «ዋኄን» ቢባል አንባቢ ልዩነት አይሰማውም። የከተማው ስምም «ሐርጌሳ»፣ «ሀርጌሳ»፣ «ሃርጌሳ» ተብሎ ይታተማል። ለጆሮ አንድ የሆኑት እነዚህ ቅርጾች ለኮምፒውተር የተለያዩ ቃላት ናቸው። የኤክሴል መፈለጊያ ቀመር የላቲንን ትልቅና ትንሽ ፊደል ልዩነት ቸል ሲል የአማርኛን ሞክሼ ፊደላት ልዩነት ቸል አይልም፤ ፓወር ኩዌሪ ደግሞ የላቲኑንም ልዩነት ይጠብቃል። አንዱ ዝርዝር በሁለቱ መንገዶች ሲያያዝ የተዛማጅ ረድፎቹ ብዛት ሊለያይ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። «ከብት» የሚለው የሶማሊኛ ቃል የሚያበቃበት ጭረትም ቀጥ ያለ ወይም የተጠማዘዘ ሆኖ ሊተየብ ይችላል፤ ተመሳሳይ ጭረት የሚጠቀመው የኦሮምኛ ቁቤም ለዚሁ የተጋለጠ ነው።

ለዚህ ችግር የሚቀርበው የተለመደ መፍትሔ አጻጻፉን አስቀድሞ አንድ ማድረግ ነው። ለቆጠራ ይህ ይረዳል፤ በምንጩ ፋይል ላይ ሲደረግ ግን ማስረጃ ማጥፋት ነው። የሰሌዳው ጸሐፊ አናባቢውን ደገመ ወይስ አልደገመም የሚለው የሥርዓተ ጽሕፈት ጥናት ጥያቄ ራሱ ነው፤ ሰሌዳው ተቃጥሏልና መልሱ የሚገኘው በፋይሉ ብቻ ነው። ስለዚህ ማዛመጃው ትርጉም የሌለው የረድፍ መለያ ሊሆን፣ የታየው አጻጻፍ እንደ ተገኘ ሊቀመጥ፣ የተስተካከለው ቅርጽም በራሱ ዓምድ ሊጨመር ይገባል።

ሦስተኛው ጉድለት የማያያዣው ዝምታ ነው። ፓወር ኩዌሪ በተለመደው አሠራሩ የፋይሉን ሙሉ አድራሻ ይመዘግባል። ማኅደሩ ሲዛወር ወይም ኮምፒውተሩ ሲቀየር ማደሱ ይከሽፋል፤ ቀድሞ የተጫኑት እሴቶች ግን በሴሎቹ ውስጥ እንደ ነበሩ ይቆያሉ። ማደስን ያልሞከረ ሰው የሚያየው ሙሉ ሠንጠረዥ ነው። ምንጩ ጠፍቶ ምስሉ የቀረው እንዲህ ያለ ሴል ከባዶ ሴል ይበልጥ አደገኛ ነው፤ ባዶው ያስጠይቃል፣ ሙሉው ያሳምናል። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት መጀመሪያ 2020 የሆነው ይህንኑ ያስረዳል። ከቤተ ሙከራዎች በጽሑፍ ፋይል የሚመጡ የኮቪድ ውጤቶች 65,536 ረድፎች ብቻ ወደሚይዝ አሮጌ የኤክሴል ቅርጽ ሲገቡ ከመጠን ያለፈው ተቆርጦ ቀረ፤ 15,841 ሕሙማንም ከዕለታዊ ቆጠራው ውጭ ሆኑ። ሠንጠረዡ የተሞላ ይመስል ነበር፤ የጎደለውን የሚያሳይ ምልክት አልነበረም።

ከዚህ ተነሥቶ ማያያዝ ይቅር፣ ሁሉም በአንድ ሠንጠረዥ ይከማች የሚል መከራከሪያ ሊቀርብ ይችላል። አንድ ፋይል ለመላክም ለማስተማርም ይቀላልና መከራከሪያው መሠረት የለውም አይባልም። ነገር ግን አንድ የኤክሴል ሴል ከ32,767 በላይ ቁምፊ ስለማይይዝ ረጅም ትረካ በውስጡ አይገባም። ከሁሉም በላይ በሠንጠረዥ ውስጥ የተደረገ እርማት ቀድሞ የነበረውን በቦታው ይተካል፤ ተራ የጽሑፍ ፋይል ግን በማናቸውም ፕሮግራም ይከፈታል፣ ሁለት እትሞቹም መስመር በመስመር ይነጻጸራሉ። የማያያዝ ጥቅም እውነተኛ የሚሆነው ሥልጣኑ በፋይሉ ዘንድ ሲቀር፣ ሴሉም ከፋይሉ የተነበበውን ከማሳየት ሳያልፍ ሲቀር ነው።

ይህ ሥርዓት ብዙ አይጠይቅም። በሠንጠረዡ ራስጌ ላይ የምንጩ ፋይል ስም፣ የመጨረሻው ማደሻ ቀንና በፋይሉ ያሉት መስመሮች ብዛት ከተጫኑት ረድፎች ብዛት ጎን ለጎን ቢጻፉ፣ ያልተዛመዱ ረድፎችም ሳይደበቁ ቢቆጠሩ፣ ዝምታው ይሰበራል። በኅትመትም ላይ የአነባበብ ደንቡ ከፋይሉ ጋር አብሮ ቢቀርብ ሌላ ተመራማሪ መንገዱን ደግሞ ሊሄድበት ይችላል።

ማያያዣ ግን ምንጭን አይጠብቅም። በዋሄን የተቃጠለ የዱቤ ደብተር ከሱቁ ጋር ጠፍቷል፤ በሶማሊላንድ ከ2009 ጀምሮ በሚሠራው ዛድ በተሰኘው የሞባይል ገንዘብ የተላለፈ ክፍያ መዝገብ ግን የሚቀመጠው በኩባንያው ኮምፒውተር እንጂ በሱቁ መሳቢያ አይደለም። ሴል የፋይሉን ቦታ ያመለክታል እንጂ በፋይሉ ፈንታ አይቆምም። የቋንቋ መረጃ ፋይልም ከሠንጠረዡ ጋር በአንድ ኮምፒውተር፣ በአንድ ማኅደር ብቻ የተቀመጠ ከሆነ፣ ማያያዣው የቱንም ያህል በጥንቃቄ ቢሠራ መጨረሻው ከሱቁ ደብተር አይለይም።