ሀሁ በጥቅምት

ጥቅምት ሲገባ በአንደኛ ክፍል ደጃፍ የሚያልፍ ሰው የሚሰማው ዜማ አንድ ነው፦ «ሀ፣ ሁ፣ ሂ፣ ሃ...» መምህሯ በዘንግ ትጠቁማለች፤ ልጆቹ ተቀብለው ይጮኻሉ። ከውጭ ሲሰሙት ተራ ሽምደዳ ይመስላል። ገበታውን ቀረብ ብሎ ላየው ግን ያስደንቃል።

33ቱ ፊደላት በሰባት በሰባት ቤት ተደርድረው 231 ይሆናሉ። ይህን ሁሉ አንድ በአንድ መያዝ ለሰባት ዓመት ልጅ ጭንቅ ነው። ገበታው ግን ደግ ነው፤ ሥርዓቱን እያሳየ ያስተምራል። ካዕቡ በአብዛኛው ከወገቡ በስተቀኝ ቅጥያ ያወጣል፤ ሣልሱ ቅጥያውን ወደ እግሩ ያወርዳል፤ ኃምሱ እዚያው ቀለበት ያጠልቃል። «ቡ»ን ያወቀ ልጅ «ሱ»ን ሳይነግሩት ይገምታል። «ሩ» እና «ፉ» ከደንቡ ሲያፈነግጡ የሚስቅ ልጅ ካያችሁ፣ ደንቡ ገብቶታል ማለት ነው። አማርኛ ከግእዝ በወረሳቸው 26 ፊደላት ላይ የጨመራቸው ሰባቱም ከዘመዶቻቸው አልራቁም፤ «ሸ» ከ«ሰ»፣ «ኘ» ከ«ነ» ተወልደዋል።

የኔታዎችም ብልሆች ናቸው። ሀሁን በዜማ ብቻ የያዘውን ልጅ ቅደም ተከተሉ በተቀየረው በ«አቡጊዳ» ይፈትኑታል። እዚያ ፊደሉን በዓይኑ ካልለየ ዜማው አያድነውም።

ማጥበቅና ማላላቱ በኋላ ይመጣል። ገበታውን የጨረሰ ልጅ ግን የሱቁን ማስታወቂያም፣ የታክሲውን ጥቅስም፣ ትርጉሙን ጨርሶ የማያውቀውን ቃልም ጮክ ብሎ ያነባል። በጥቂት ወራት ይህን ያህል የሚሰጥ ሌላ ትምህርት አላውቅም።