ረዳት ወይስ ተርጓሚ? አስቴር ጋኖ እና የ1899ኙ የአፋን ኦሮሞ መጽሐፍ ቅዱስ

በአማርኛ «ተረጐመ» የሚለው ግሥ ሁለት ተግባራትን በአንድነት ይይዛል፤ እነርሱም ከቋንቋ ወደ ቋንቋ መመለስና የመጽሐፍን ምሥጢር ማብራራት ናቸው። «ትርጉም» እና «ትርጓሜ» በአጠቃቀም ቢለያዩም ሥርወ ቃላቸው አንድ ነው። የመጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም ታሪክ አጻጻፍ ግን ሁለቱን ለያይቶ ምሥጢር መፍታትን ለወንዶች፣ ቃል ማቀበልን ለሴቶች ሲሰጥ ቆይቷል። የዚህ ክፍፍል ጉድለት ጎልቶ ከሚታይባቸው ሥራዎች አንዱ በ1899 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የታተመው የአፋን ኦሮሞ መጽሐፍ ቅዱስ ነው።

በግእዝ ፊደል ተጽፎ በስዊዘርላንድ ቅዱስ ክሪሾና የታተመው ይህ መጽሐፍ የሚታወቀው በኦነሲሞስ ነሲብ ስም ነው። ኦነሲሞስ በኢሉባቦር ተወልዶ በልጅነቱ ለባርነት ተዳረገ፤ በ1870 ምጽዋ ላይ ነጻ ወጥቶ ኋላ በስዊድን ተማረ። ይህ ጉዞ የሥነ መለኮት ትምህርት ቢያስገኝለትም ከአፍ መፍቻ ቋንቋው ማኅበረሰብ ለረዥም ዘመን አራቀው። በ1872 ገደማ የተወለደችው አስቴር ጋኖም የባርነት ዕጣ ደርሷታል። ሆኖም በ1886 ወደ ዐረብ አገር ከሚወስዳት ጀልባ ላይ በጣልያኖች እጅ ነጻ ወጥታ በምጽዋ አቅራቢያ ወደሚገኘው የእምኩሉ የስዊድን ሚስዮን ትምህርት ቤት ስትገባ፣ በቋንቋዋ መካከል አድጋ ከወጣች ብዙ ጊዜ አልሆናትም ነበር።

አስቴር ያዘጋጀችው የአፋን ኦሮሞ መዝገበ ቃላት በ1893 የታተመውን የአዲስ ኪዳን ትርጉም ለማረም አገልግሏል። የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪኮችንም ተርጉማለች። ከዚህ ሌላ 500 ያህል እንቆቅልሾችን፣ ተረቶችን፣ ምሳሌያዊ አነጋገሮችንና ዘፈኖችን በጽሑፍ አስፍራለች፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ በ1894 በታተመው የጀማሪዎች የንባብ መጽሐፍ ውስጥ ገብተዋል። በተለመደው አቀራረብ መዝገበ ቃላቱ ለቋንቋ ጥናት፣ ተረቱ ለሥነ ቃል፣ መጽሐፍ ቅዱሱ ደግሞ ለሥነ መለኮት ይከፋፈላሉ። በዚህ ክፍፍል አስቴር በሦስተኛው ክፍል የምትቀርበው «ረዳት» ተብላ ነው።

ይህ ስያሜ የትርጉም ሥራ እንዴት እንደሚከናወን አይገልጽም። ለአብነት «መንፈስ»ን እንውሰድ። የዕብራይስጡም የግሪኩም ቃል እስትንፋስንና ነፋስን ይጨምራል። የአማርኛው «መንፈስ» ከ«ነፈሰ» የወጣ ቢሆንም በዕለት ንግግር እስትንፋስን አያመለክትም። በአፋን ኦሮሞ ክርስቲያናዊ አጠቃቀም የጸናው «ሀፉራ» ግን ዛሬም ሰው የሚተነፍሰው ትንፋሽ ነው። በአንጻሩ «አያና» ከነባሩ የኦሮሞ እምነት ጋር የተሳሰረ የመንፈስ ግንዛቤን ይዞ ይመጣል። ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ስለ መንፈስ ምንነት አቋም መያዝ ነው። «ዋቃ»ም ሰማይንም ፈጣሪንም ስለሚያመለክት የኦሪት ዘፍጥረትን የመጀመሪያ ቁጥር የሚተረጉም ሰው ፈጣሪንና ፍጡርን በቃል እንዴት እንደሚለይ መወሰን ይኖርበታል። እንዲህ ያለው ውሳኔ ቃሉ በምርቃት፣ በተረትና በዘፈን ውስጥ ምን እንደሚያሰማ ማወቅን ይጠይቃል። የአስቴር የሥነ ቃል ስብስብ የያዘው ይህንኑ ዕውቀት ነው፤ ስለዚህ ከትርጓሜው ሥራ ተነጥሎ ሊታይ አይገባም።

የሴቶች ትርጓሜ በወንዶች ስም መሸፈኑ በክርስትና ታሪክ አዲስ አይደለም። ሄሮኒሞስ ለፕሪንኪፒያ በጻፈው ደብዳቤ እንደሚተርከው፣ እርሱ ከሮም ከወጣ በኋላ በመጽሐፍ ቃል ላይ ክርክር ሲነሣ ሰዎች ፍርድ የሚጠይቁት ማርቄላን ነበር። እርስዋም የራስዋን መልስ እንኳ የሄሮኒሞስ ወይም የሌላ ሰው አስመስላ ትሰጥ ነበር፤ ሐዋርያው ሴት እንድታስተምር አለመፍቀዱን ታውቅ ነበርና። ሄሮኒሞስ ይህን የሚጠቅሰው ትሕትናዋን ለማመስገን ነው። ለታሪክ ተመራማሪው ግን ይኸው ምስክርነት በሄሮኒሞስ ስም ከተነገሩት ፍቺዎች አንዳንዶቹ የማርቄላ እንደነበሩ ያስረዳል። የማርቄላ ጽሑፎች ግን ለትውልድ አልደረሱም። የአስቴር ዕጣ ከዚህ የሚለየው የሥራዋ ፍሬ ታትሞ በመቆየቱ ነው።

ጉስታቭ አሬን በ1978 ባሳተመው የኢትዮጵያ ወንጌላውያን ታሪክ አስቴርን ከመዘንጋት አውጥቷታል። ከእርሱ በኋላ የሚቀረው ሥራ የአንዱን ስም በሌላው መተካት አይደለም። ኦነሲሞስ በንባብና በሥነ መለኮት ያበረከተው ድርሻ የጸና ነው፤ የአስቴርን ድርሻ ለማስመስከር የእርሱን ማሳነስ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው መዝገበ ቃላቱን፣ የ1894ቱን የንባብ መጽሐፍና የ1899ኙን መጽሐፍ ቅዱስ ጎን ለጎን አድርጎ ማንበብ ነው። አንድ ቃል በምሳሌያዊ አነጋገር ውስጥ ያለው ፍቺ በወንጌል ውስጥ ሲገባ ምን እንደጠበቀና ምን እንደለቀቀ የሚታየው በዚህ መንገድ ነው።

ጉዳዩ የቋንቋ አጥኚዎችን የዛሬ ልማድም ይነካል። የመስክ ጥናቶች «መረጃ ሰጪ» የሚሏት ሴት ቃል ስታቀብል ከብዙ አማራጮች መርጣና አውዱን መዝና ነው። ያ ምርጫ በአጥኚው ስም ብቻ ሲታተም አስቴርን «ረዳት» ያሰኘው አሠራር ይደገማል። አማርኛ ለመመለስም ለማብራራትም አንድ ግሥ ካለው፣ የሁለቱንም ባለቤት «ተርጓሚ» ብሎ መጥራት ለቋንቋውም ለታሪኩም የታመነ አጠራር ነው።