ስለ ባለማርሽ ሞዞ የተዘጋጀ የአማርኛ መመሪያ፤ በስያሜዎቹ ላይ የቀረበ ሂሳዊ አስተያየት

በብስክሌት የኋላ ጎማ ሞዞ ውስጥ የሚገኘውን ማርሽ እንዴት መግጠምና ማስተካከል እንደሚቻል የሚያስረዳ፣ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የተመለሰ አንድ አጭር መመሪያ ለአስተያየት ቀርቦልን ነበር። መመሪያው ገና በረቂቅ ላይ ያለ ሲሆን የታሰበውም ለጀማሪ ብስክሌት ጠጋኞች ነው። አዘጋጁ የጠየቀን በመጨረሻው ገጽ ላይ የደረደራቸውን ስያሜዎች ብቻ እንድንመለከትለት ነበር። እኛ ግን ዝርዝሩን ወደ ጎን ትተን፣ አንድ አሮጌ ሞዞ ፈታትተን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠን፣ ጽሑፉን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ከዕቃው ጋር እያስተያየን ማንበብን መረጥን። በዝርዝር ውስጥ ለብቻው ቆሞ ሲታይ እንከን የማይወጣለት ቃል፣ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ገብቶ መፍቻ ለያዘ ሰው ትእዛዝ ሲሆን ጠባዩ እንደሚለወጥ ከዚህ ቀደምም ስላየን ነው።

ለአንባቢ ግልጽ እንዲሆን ስለ ዕቃው ጥቂት እንበል። ሞዞው የእንግሊዝ አገር ሥራ ነው። ስተርሜ አርቸር የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1902 በኖቲንግሃም ከተማ ተቋቁሞ ባለ ሦስት ማርሽ ሞዞ ማምረት ጀመረ፤ በብዛት የታወቀውና ረቂቁም የሚናገርለት «ኤ ደብሊው» የተሰኘው ዓይነት የወጣው እ.ኤ.አ. በ1936 ነው። በሞዞው መኻል ከአክስሉ ጋር አንድ አካል የሆነ፣ የማይዞር ባለ 20 ጥርስ ጎማ አለ። በዙሪያው እያንዳንዳቸው 20 ጥርስ ያላቸው ትናንሽ ጎማዎች ይዞራሉ፤ እነዚህንም ጥርሱ ወደ ውስጥ የሆነ ባለ 60 ጥርስ ቀለበት ይከባቸዋል። በ2ኛ ማርሽ ካቴናው የሚያዞረው ጥርስ አንድ ጊዜ ሲዞር ጎማውም አንድ ጊዜ ይዞራል። በ1ኛ ሦስት አራተኛ ዙር፣ በ3ኛ ደግሞ አንድ ዙር ከሲሶ ይዞራል። ማርሹን የሚቀይረው በአክስሉ ክፍት ቀዳዳ ውስጥ የሚያልፍ ቀጭን ዘንግ ሲሆን፣ ዘንጉን ከመሪው የሚመጣ ገመድ ይስበዋል። ገመዱ እስከ መጨረሻው ሲሳብ 1ኛ፣ ሲላላ 3ኛ ማርሽ ይገባል።

እንግዲህ የመጀመሪያው እንቅፋት የገጠመን በዚሁ ዘንግ ላይ ነው። ረቂቁ አክስሉንም «ዘንግ»፣ የሚስበውንም ቀጭን ብረት «ዘንግ» ይላቸዋል። ሁለቱም በየራሳቸው ትክክል ናቸው፤ «ዘንግ» ለረጅምና ቀጥ ላለ ነገር ሁሉ ይሆናልና። ነገር ግን የማስተካከሉ ሥራ ሁሉ የሚያርፍበት ዓረፍተ ነገር እንዲህ ሆኖ ወጣ፦ «በዳዶው መስኮት ሲታይ የዘንጉ ጫፍ ከዘንጉ ጫፍ ጋር እኩል ይሁን።» ይህን ያነበበ ጀማሪ ሊስቅ ይችላል፤ ሊሠራ ግን አይችልም። አዘጋጁ በዝርዝሩ ላይ ሁለቱን ስያሜዎች በሁለት የተለያዩ ፊደላት ሥር ስላገኛቸው (አንዱ «የመኻል ዘንግ»፣ ሌላው «ጠቋሚ ዘንግ» ተብሎ ነበር) ግጭቱ አልታየውም። ጽሑፍ ሲጻፍ ቅጽሉ ይወድቃል፤ የሚቀረው ስሙ ብቻ ነው። ስለዚህ ለመኻሉ በየጋራዡ የሚታወቀው «አክስል» እንዲቀመጥ፣ «ዘንግ» ለቀጭኑ ብቻ እንዲተው ሐሳብ አቅርበናል። «ጠቋሚ» የሚለውም ከእንግሊዝኛው የመጣ ነው፤ ዘንጉ በእርግጥ የገመዱን ልክ ይጠቁማል፣ ዋና ሥራው ግን መሳብ ስለሆነ «ሳቢ ዘንግ» ቢባል ይሻላል እንላለን። «መሳቢያ» እንዳይባል የተጠነቀቅነው የጠረጴዛውን መሳቢያ እንዳያስታውስ ነው።

ከዚህ የሚቀጥለው በግሥ ላይ ያለ ስሕተት ነው። የስያሜ ሥራ ስም ብቻ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው፤ የጠጋኝ ትእዛዝ ግን በግሥ ይቆማል። ሳቢው ዘንግ ወደ ሞዞው ውስጥ እስከ መጨረሻ ከጠበቀ በኋላ፣ ሰንሰለቱ ከገመዱ አቅጣጫ ጋር ቀጥ እንዲል ከግማሽ ዙር ያልበለጠ ወደ ኋላ መመለስ አለበት። ረቂቁ «በሚገባ ይጥበቅ፤ ከዚያም ይፈታ» ይላል። «መፍታት» በአማርኛ የታሰረውን ማላላትም ነው፣ ነቅሎ ማውጣትም ነው፣ አንድን ዕቃ ክፍል በክፍል መለያየትም ነው። ባለሙያው ግን «መለስ አድርገው» ነው የሚለው። ይህ አነጋገር መጠኑን በራሱ ይዞ ይመጣል፤ «መለስ» ያለ ሰው ጥቂት ማለቱ ነው። እንዲህ ያለ የአማርኛ ጸጋ እያለልን «ይፈታ» ብሎ ማለፍ ያስቆጫል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንመጣለን። በረቂቁ ውስጥ እጅግ አሳሳቢ ሆኖ ያገኘነው «ነጻ» የሚለው ቃል ነው። ፔዳሉ ቆሞ ጎማው በራሱ ሲሄድ «ነጻ ዙረት»፤ ማርሹ በሁለት ቦታዎች መካከል ሳይነክስ ሲቀር «ነጻ ማርሽ»፤ ኩሽኔታው ጥቂት ሲላላ «ነጻ ጨዋታ» ተብሏል። ሦስቱም በእንግሊዝኛው በኩል በአንድ መንገድ የመጡ ናቸው። ውጤቱም ይህ ነው፦ «ጎማው ነጻ መሆኑን፣ ነጻ ማርሽ አለመኖሩን፣ ነጻ ጨዋታውም አነስተኛ መሆኑን አረጋግጥ።»

ሦስቱ ነገሮች ግን ለብስክሌተኛው አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ጤናማ የሆነ የዘወትር ሁኔታ ነው፤ ቁልቁለት የሚወርድ ሁሉ እግሩን አሳርፎ ይሄድበታል። ሦስተኛው በልክ ሊኖር የሚገባው ነው፤ ጎማው በቸርኬው ተይዞ ወደ ጎን ሲነቀነቅ እምብዛም የማይታይ መነቃነቅ እንዲኖረው ኩሽኔታው ይስተካከላል፤ ከዚያ ይልቅ ከጠበቀ ይበላል። ሁለተኛው ግን አደጋ ነው። በቀድሞው «ኤ ደብሊው» ሞዞ በ2ኛና በ3ኛ ማርሽ መካከል ምንም የማይነክስበት ጠባብ ቦታ አለ። ገመዱ ከልኩ በላይ የላላ እንደሆነ መቀየሪያው 2 ላይ ሆኖ ሳለ ውስጡ እዚያ ባዶ ቦታ ላይ ያርፋል። ጋላቢው ዳገት ላይ ከኮርቻው ተነሥቶ ሙሉ ክብደቱን ፔዳሉ ላይ ሲጥል ፔዳሉ ያለ አንዳች ተቃውሞ ወደ ፊት ይወረወርና ሰውዬው በመሪው ላይ ይደፋል። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2000 ወደ ታይዋን ባለቤቶች ከተዛወረ በኋላ በተሠሩት ሞዞዎች ይህ ቦታ እንዲቀር ተደርጓል፤ ሆኖም ቀድሞ የተሠሩት ዕድሜያቸው ረጅም ስለሆነ ዛሬም በየመንገዱ ይሽከረከራሉ። ጀማሪው ጠጋኝ «ነጻ» የሚለውን ቃል በመጀመሪያው ገጽ ላይ በመልካም ነገር ለምዶት በሦስተኛው ገጽ ላይ በአደጋ ሲያገኘው ልብ ሳይለው ቢያልፍ ጥፋቱ የእሱ አይሆንም።

ስለ መፍትሔው በመካከላችን ሐሳብ ተለያይቶ ነበር። ከፊሎቻችን ሾፌር ሁሉ የሚያውቀው «ዜሮ ማርሽ» ይበቃል አልን። ሌሎቻችን ደግሞ ዜሮ ማርሽ ሾፌሩ ዐውቆ የሚያስገባው፣ የሚያርፍበትም ቦታ ነው፤ በሞዞው ውስጥ ያለው ግን ማንም መርጦ የማይገባበት ስለሆነ ስሙ ማርሽ መባል የለበትም ብለን ተከራከርን። በመጨረሻ «ባዶ ቦታ» በሚለው ተስማምተናል። ለመጀመሪያው ስያሜ ከመፈለግ ይልቅ «ፔዳል ቆሞ ጎማ ሲሄድ» ብሎ መግለጽ፣ ለሦስተኛውም «መነቃነቅ» ማለት ይሻላል። «ነጻ» የሚለውን ከመመሪያው ፈጽሞ ማውጣት ምንም አያጎድልም።

ስለ «ከፍተኛ ማርሽ» እና «ዝቅተኛ ማርሽ» አጭር ነገር አለን። «ከፍተኛ» ሲባል ከፍታን፣ ማለት ዳገትን፣ ማሰብ የአማርኛ ተናጋሪ ተፈጥሮ ነው፤ ለዳገት የሚሆነው ግን 1ኛው፣ በእንግሊዝኛው «ዝቅተኛ» የተባለው ነው። «ከባድ» እና «ቀላል» ቢባልስ? ይህ ደግሞ የባሰ ነው። ለመኪና ሾፌር ከባድ ማርሽ ማለት ኃይል ያለው፣ ዳገት የሚወጣበትና ቁልቁለት የሚያዝበት 1ኛው ነው፤ ለብስክሌተኛ ግን ከባድ ማርሽ ለእግር የሚከብደው፣ ማለት 3ኛው ነው። ሁለት የሙያ ወገኖች አንዱን ቃል ተቃራኒ አድርገው ይዘውታል። በቁጥር መጥራት ብቻ ነው የሚያዋጣው።

በጥርሶቹ ስም ላይ ትንሽ መቆየት ያስፈልጋል። ረቂቁ የእንግሊዝኛውን ምሳሌ ተከትሎ የመኻሉን «ፀሐይ»፣ የሚዞሩትን «ፕላኔት» ብሏቸዋል። ምሳሌው ውብ ነው፤ ለአማርኛም ባዕድ አይሆንም ነበር። ችግሩ «ፕላኔታሪ» የሚለው ቃል ከኢጣሊያንኛ በኩል ወደ ጋራዥ ቀድሞ መግባቱ ነው። በኢጣሊያንኛና በፈረንሳይኛ የሙያ አነጋገር በዚህ ስም የሚጠራው የመኻሉ ጥርስ ነው፤ በዙሪያው የሚዞሩት «ሳተላይት» ይባላሉ። የመኪና ዲፈረንሻል የፈታ ልጅ ሳተላይትና ፕላኔታሪ ሲባል የሰማው በዚህ ሥርዓት ነው። ይህ ልጅ መመሪያውን ይዞ «ፕላኔቱን አውጣ» ቢባል የሚይዘው የትኛውን ነው? በእንግሊዝኛው ከሆነ የሚዞረውን፣ በጋራዡ ከሆነ የመኻሉን። ስለዚህ ሰማዩን ለሰማይ ትተን «መኻል ጥርስ»፣ «ዟሪ ጥርስ» እና «ዙሪያ ጥርስ» እንዲባሉ እናሳስባለን፤ ሦስተኛውን መካኒኮች «ኮሮና» ቢሉትም አንጣላም። የመኻሉን «ቋሚ ጥርስ» እንበለው የሚል ሐሳብም ቀርቦ ነበር። በ«ኤ ደብሊው» ልክ ነው፤ የጃፓኑ ሺማኖ በሚሠራቸው ባለ 7ና ባለ 8 ማርሽ ሞዞዎች ግን ከአንድ በላይ መኻል ጥርስ አለ፣ እንደ ማርሹም አንዱ ሲያዝ ሌላው ይለቀቃል። በጠባዩ ሳይሆን በቦታው የተሰየመ ነገር ሌላ ሞዞ ሲመጣ ስሙን አይከዳም።

«ፀረ ዙረት ሮንዴላ» የተባለውን ደግሞ ሳናነሣው ማለፍ አልቻልንም። «ፀረ» ለተባይ፣ ለበሽታና ለጠላት የሚሆን ቃል ነው፤ አንዲት የብረት ሮንዴላ ይህን ያህል ጠብ የላትም። ሥራዋ ጥርሷን በሹካው ክፍተት ውስጥ አስገብታ አክስሉን መያዝ ነው። መኻል ጥርሱ ከአክስሉ ጋር አንድ ስለሆነ ጋላቢው በረገጠ ቁጥር አክስሉ ራሱ ሊዞር ይቃጣዋል፤ ሮንዴላዋ ከተረሳች አክስሉ ዞሮ ዳዶውን ያላላል፣ የተስተካከለውንም ገመድ ያበላሻል። «አክስል ያዥ ሮንዴላ» ብትባል ስሟ ለምን እንደማትረሳ ያስታውሳል።

ረቂቁ የሚመሰገንበትም አለ። በአንድ ወገን የሚይዘውንና በሌላው ወገን የሚያልፈውን፣ በስፕሪንግ የሚነሣውን ትንሽ ብረት «ጥፍር» ብሎታል። ጥርስ በሞላበት ሞዞ ውስጥ ጥፍር መገኘቱ የሚያምር ከመሆኑም በላይ ትክክል ነው፤ ይቧጥጣል፣ ይይዛል፣ ሲፈልግም ይታጠፋል። ፔዳሉ ቆሞ ጎማው ሲሄድ የሚሰማውም ጠቅ ጠቅታ የእሱ ነው። ይህ ቃል ወደ መዝገባችን እንዲገባ እንፈልጋለን። ዕቃው በሞላው ግን «ውስጣዊ የማርሽ እምብርት» መባሉ አልተስማማንም። «እምብርት» ጥሩ ቃል ነበር፤ ሆኖም ጠጋኙ «ሞዞ» እያለ ውሎ በወረቀት ላይ «እምብርት» ቢያገኝ ሌላ ዕቃ ይመስለዋል። «ውስጣዊ» የሚለውም ትርፍ ነው፤ ማርሹ ሞዞው ውስጥ ካልሆነ ሞዞው ባለማርሽ አይባልምና። «ባለማርሽ ሞዞ» ይበቃል።

ከዚህ በላይ ባልናቸው ስያሜዎች የማስተካከያውን ክፍል እንደገና ጽፈን ለአዘጋጁ ልከንለታል፦

«መቀየሪያውን 2 ላይ አድርግ። ፔዳሉን ጥቂት ወደ ኋላ አዙረህ ማርሹ መግባቱን እይ። በቀኝ በኩል ባለው ረጅም ዳዶ መስኮት ተመልከት፤ የሳቢው ዘንግ ጫፍ ከአክስሉ ጫፍ ጋር እኩል መሆን አለበት። ጫፉ ወደ ውስጥ ገብቶ ከታየህ ገመዱ ላልቷልና ማስተካከያውን እያዞርህ ወጥረው፤ ወደ ውጭ ወጥቶ ከታየህ አላላው። እኩል ሲሆን ማስተካከያው እንዳይዞር በመያዣው ዳዶ አጥብቀው። ወደ 1 ከዚያም ወደ 3 ቀይር፤ ወደ 2 መልሰህ እንደገና ተመልከት። ጫፎቹ እኩል ሳይሆኑ ማንንም በብስክሌቱ አታስቀምጥ፤ በ2ና በ3 መካከል ባዶ ቦታ አለ።»

ያልተፈታ አንድ ስያሜ ቀርቷል። አንዳንድ ባለማርሽ ሞዞዎች ፔዳሉ ወደ ኋላ ሲረገጥ የሚይዝ ፍሬን በውስጣቸው አላቸው። ረቂቁ «የኋላ ፍሬን» ብሎታል፤ ይህ ግን የኋላውን ቸርኬ በላስቲክ ከሚይዘው ተራ ፍሬን አይለየውም። «የእግር ፍሬን» እንዳይባል የመኪናው ቀድሞ ይዞታል። ለጊዜው «ወደ ኋላ ሲረግጡት የሚይዝ ፍሬን» ተብሎ በረጅሙ እንዲጻፍ ተስማምተናል።