«አንተ» ማለት መድፈር ነውን?

ባለፈው እትማችን የወጣችው የአንድ ወጣት የጸሎት ግጥም በየድንኳኑ ስላነጋገረች ጥቂት ልንልባት ወደናል። የሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጦርነት ሳይበትነን በካርቱም፣ በዴም ሰፈር የነበረንን ኑሮ የሚያነሡት ስንኞች ከልብ የወጡ ናቸው። ቅር ያሰኘን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ገጣሚው ከዳር እስከ ዳር ፈጣሪን «እርስዎ» እያለ ይለምናል። ምክንያቱን ብንጠይቀው «አባቴን አንቱ እያልሁ አድጌ ፈጣሪዬን እንዴት አንተ ልበል?» አለን።

ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ግዕዝ የአክብሮት «አንቱ» የለውም፤ ለንጉሡም ለእረኛውም «አንተ» ይላል። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስም ነገሥታቱን ሳይቀር በ«አንተ» ያናግራል። እንግዲያው «ይህ የመጽሐፍ ልማድ ነው» የሚል ቢነሣ አንደነቅም። ነገር ግን ፊደል ያልቆጠሩ እናቶቻችን፣ ጎረቤታቸውን አንቱ የሚሉት፣ ጭንቅ ሲመጣ «አንተው ታውቃለህ» ይላሉ። ይህን ከመጽሐፍ አልተማሩትም። ክብሩን «አቤቱ» እና «ሆይ» ተሸክመውታል፤ «አንተ» የሚይዘው ቅርበትን ነው።

የእንግሊዞች ታሪክም ያስተምረናል። እ.ኤ.አ. በ1611 በታተመው መጽሐፍ ቅዱሳቸው ፈጣሪ የሚጠራበት «ዛው» ጥንት ለአንድ ሰው፣ ኋላም ለቅርብና ለታናሽ የሚባል ቃል ነበር። ከዕለት ንግግር ጠፍቶ በጸሎት ሲቀር ግን ብዙዎች የክብር ቃል መሰላቸው። ቅርበቱ ሳይታወቃቸው ርቀት ሆነ። የእኛ ገጣሚ ደግሞ ርቀቱን ዐውቆ በገዛ እጁ አመጣው።

እኛ ስደተኞች «እርስዎ» የት እንደሚባል እናውቃለን። ለመዝጋቢው፣ ለአስተርጓሚው፣ እህል ለሚሰፍረው ስንለው እንውላለን፤ ግማሹ አክብሮት ነው፣ ግማሹ ፍርሃት። ሲመሽ ግን ተራ ሳንይዝ፣ ወረቀት ሳናሳይ «አንተ» የምንለው አንድ እርሱ ቀርቶናል። እርሱንም ከጠረጴዛ ኋላ እናስቀምጠውን?

ገጣሚው ቤቱን ሁሉ በ«ዎ» ስለ መታ፣ ቢያርመው ግጥሙ እንደሚፈርስ እናውቃለን። ይፍረስ እንላለን። የእናቱን መቃብር የሚያነሣባትን ስንኝ ብቻውን ሆኖ በ«አንተ» ያንብባት፤ የሰማውንም ለሚቀጥለው እትም ይጻፍልን።