በፍትሐ ነገሥት ስለ ባርነት የተጻፈው አንቀጽና የሕዝብ ኑሮ

አንድ ሕዝብ ሃይማኖቱ በሚያስተምረው ምግባር በእውነት ሊኖር ይችላልን? ይህ ጥያቄ በጠቅላላው ሲነሣ መልሱ ብዙ ጊዜ ወይ ውዳሴ ወይ ነቀፋ ይሆናል። ስለዚህ በአንድ መጽሐፍና በአንድ ልማድ ወስኖ መመርመሩ ይሻላል። የፍትሐ ነገሥት 31ኛ አንቀጽ ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው።

ፍትሐ ነገሥት በ13ኛው መቶ ዓመት በግብፅ በዐረብኛ ተዘጋጅቶ ኋላ ወደ ግዕዝ የተተረጐመ የሕግ መጽሐፍ ነው። ከ51ዱ አንቀጾች የመጀመሪያዎቹ 22 የቤተ ክርስቲያንን፥ የቀሩት የዓለሙን ሥርዐት ይመለከታሉ። ስለ ባሮች የሚናገረው 31ኛው አንቀጽ የሚጀምረው ባርነትን በመደንገግ ሳይሆን ሰዎች ሁሉ በተፈጥሮ ሕግ ነፃ መሆናቸውን በመመስከር ነው። ቀጥሎ ግን ጦርነት ድል የተመታውን ለድል አድራጊው ተገዥ እንዳደረገው ያስረዳል፤ ከኦሪትም ማስረጃ ያመጣል፤ ከዚያም ባሪያን አርነት ማውጣት እንደ ምጽዋት የሚቈጠር በጎ ሥራ መሆኑን ያስተምራል።

ስለዚህ አንቀጽ ሁለት ዐይነት ፍርድ መስጠት ይቻላል። አንደኛው፥ መጽሐፉ ቅን ነው፤ ያጐደለው ሕዝቡ ነው የሚል ነው። ሁለተኛው፥ የመግቢያው ቃል የጌቶችን ጥቅም ለመሸፈን የተቀመጠ ጌጥ ነው የሚል ነው። ሁለቱም የአንቀጹን አካሄድ ልብ አላሉም። መጽሐፉ ነፃነትን በመጀመሪያ የተፈጥሮ መብት ካለ በኋላ፥ በመጨረሻ የጌታው ቸርነት አድርጎ ይመልሰዋል። መብት የነበረው ትሩፋት ሆነ። ትሩፋት ደግሞ የሚሠራው እንጂ የማይሠራው አይከሰስበትም።

ልማዱም ይህንኑ መንገድ ተከትሏል። ባለጸጋው በሞት አልጋው ላይ ሆኖ በነፍስ አባቱ ፊት ሲናዘዝ ባሮቹን አርነት ማውጣቱ ለነፍሱ ዋጋ የሚሆን ሥራ ነበር። የዚህን ሰው እምነት ሐሰተኛ ማለት አይገባም። ነገር ግን ባሪያው ዕድሜውን ሙሉ የሠራበት ቤት ጸንቶ የኖረው፥ ነፃነቱም የተጠበቀው ጌታው ሥራውን እስኪጨርስ ድረስ ነው። እንዲህ ከሆነ ሃይማኖቱ የኖረው በሞት ደጅ እንጂ በጓዳና በእርሻ ላይ አልነበረም።

ነገሥታቱ ነገሩን ፈጽሞ ዝም አላሉትም። ዐፄ ቴዎድሮስ የባሪያ ንግድን ከልክለው ነበር፤ ዐፄ ዮሐንስም በ1876 ዓ.ም. ስለዚሁ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋራ ተዋውለዋል። ይሁን እንጂ ኢትዮጵያ የዓለም መንግሥታት ማኅበር አባል በሆነችበት በ1916 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ እንኳ ነፃነትን ደረጃ በደረጃ የሚሰጥና ከጌታው ሞት ጋራ የሚያያይዝ ነበር፤ የኑዛዜው መልክ ወደ መንግሥት ሕግ ገባ ማለት ነው። ባርነት በሕግ ፊት ፈጽሞ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ዐዋጅ ነው።

ይህ ጕድለት የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። አሜሪካ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1776 የሰዎችን እኩልነት ዐውጃ፥ ባርነትን በመላ አገሯ በሕገ መንግሥት የሻረችው በ1865 ነው። በሁለቱም ዘንድ ከፍ ያለው ቃል አስቀድሞ ተጽፎ ነበር፤ የጐደለው ቃሉን ግዴታ የሚያደርግ ዳኛ ነው።

እንግዲህ ሕዝብ በሃይማኖቱ ሐሳብ ሊኖር የሚችለው ያንን ሐሳብ ከትሩፋት መዝገብ አውጥቶ በፍትሕ መዝገብ ሲጽፈው ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም። ሐሳቡ ግን ከንቱ ነበር ማለት አይደለም፤ የመግቢያው ቃል ባይኖር ኖሮ ጌታው በሞቱ ጊዜ የሚጨነቅበት ምክንያት ባልኖረም ነበር።

አንድ ነገር ይቀራል። እስከ ዛሬ የተመረመረው የጻፈው፥ የተናዘዘውና ያወጀው ወገን ቃል ነው። በአንዳንድ የደቡብ አካባቢዎች የባሪያ ዘር ናቸው ከሚባሉት ጋራ መጋባት ዛሬም ይነወራል፤ ይህም ዐዋጅ ብቻውን ልማድን እንደማይሽር ያሳያል። አርነት የወጡት ሰዎች ልጆች ስለ አባቶቻቸው የሚተርኩት ተሰብስቦ ከ31ኛው አንቀጽ ጐን እስኪቀመጥ ድረስ፥ የመጽሐፉ ትችት ግማሽ ብቻ ነው።